ሩጫው ከልብሱ በፊት
የፖሊስ የአካል ብቃት ፈተና ከየት መጣ?



ባለፈው ክረምት አንዲት እናት የታጠፈ ወረቀት ይዘው ወደ ቢሮዬ መጡ። አገሩን ከረገጡ አራት ዓመታቸው ነው፤ ዕብራይስጡ ግን ገና አልገራላቸውም። ልጃቸው የውትድርና አገልግሎቱን ጨርሶ ፖሊስ ለመሆን አመልክቶ ነበር። ወረቀቱን አነበብኩላቸው። ሌላውን ሁሉ አልፏል፤ በሩጫው ሰዓት ግን ወድቋል። እናት ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ አባቱ በእግሩ ሱዳን ደርሶ የተመለሰ ሰው ነው። እኔም ውኃ ስቀዳ ያደግሁት ቁልቁለት ወርጄ፣ ዳገት ወጥቼ ነው። የእኔ ልጅ እንዴት በሩጫ ይወድቃል? ደግሞስ ሰው እንዴት በሩጫ ይመዘናል?»

«አንቱ የጠየቁት ሁለት ጥያቄ ነው፤ ሁለቱም መልስ ይገባቸዋል» አልኳቸው። በዚያ ቀን ግን በቂ መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለእርሳቸውና እንደ እርሳቸው ለሚጠይቁ ወላጆች ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጌዴዎንና ሳኦል

ሰውን ለጥበቃና ለውጊያ መፈተን አዲስ ነገር አይደለም። በመጽሐፈ መሳፍንት እንደምናውቀው ጌዴዎን ምድያማውያንን ለመውጋት ሲነሣ 32000 ሰው ተከትሎት ነበር። የፈራ ይመለስ ሲባል 22000 ያህሉ ተመለሱ። የቀሩት 10000 በሐሮድ ምንጭ አጠገብ ወደ ውኃው እንዲወርዱ ተደረገ፤ ተንበርክከው የጠጡት ቀርተው፣ ውኃውን በእጃቸው ወደ አፋቸው አቅርበው የላሱት 300 ብቻ ተመረጡ። ብዙ አስተማሪዎች ይህን ሲያብራሩ፣ እነዚህ ሰዎች ሲጠጡ እንኳ ዓይናቸውን ከጠላት ያልነቀሉ ንቁ ሰዎች ነበሩ ይላሉ። በዚያ ፈተና ቁመት አልተለካም፤ ጡንቻም አልታየም።

የሳኦል ታሪክ ደግሞ ሌላውን መንገድ ያሳየናል። ሳኦል ከሕዝቡ ሁሉ ከትከሻው በላይ የሚበልጥ ረጅም ሰው ነበር፤ ሰውም በቁመናው ተማረከ። በኋላ ግን ሳሙኤል ከእሴይ ልጆች አንዱን ሊቀባ ሲሄድ የሰውን ቁመት እንዳይመለከት ተነገረው።

እነዚህን ሁለት ታሪኮች እንያዛቸው። ከዚያ በኋላ የመጣው የፖሊስ ምልመላ ታሪክ በሁለቱ መካከል የሚመላለስ ነው፤ አንድ ጊዜ ቁመናን ያያል፣ ሌላ ጊዜ ሥራውን።

በመጀመሪያ ሜትሩ ነበር

ሮበርት ፒል በ1829 የለንደንን ፖሊስ ሲያቋቁም ምልምሎቹ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ፣ ጤነኞችና ቁመታቸው ቢያንስ 170 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆኑ እንዲሆኑ ተፈለገ። ምክንያቱም ግልጽ ነበር። ፖሊሱ ያለ ጠመንጃ በሕዝብ መካከል ስለሚቆም፣ ረጅም ሰው ከሩቅ ይታያል፣ ይፈራልም ተባለ። ከዚያ በኋላ ብዙ አገሮች ይህንኑ ተከተሉ። አንድ ሰው በመለኪያው ሥር ቆሞ አንድ ጣት ካነሰ ወደ ቤቱ ይሸኛል፤ ሮጦ ሌባ መያዝ ይችል እንደሆነ የሚጠይቀው የለም።

በአገራችን በኢትዮጵያም ቁመና ትልቅ ቦታ ነበረው። አዛውንቶቻችን ቀጥ ብሎ የሚራመድ ረጅም ሰው ሲያዩ «ክቡር ዘበኛ ይመስላል» ሲሉ ብዙዎቻችን ሰምተናል። አዲስ አበባ ቀድሞ የአራዳ ዘበኞች ነበሯት። ዘመናዊው የኢትዮጵያ ፖሊስ ግን የተደራጀው ጣሊያን ከተባረረ በኋላ በ1942 በእንግሊዞች እርዳታ ነው፤ የአባዲና ፖሊስ ኮሌጅም በ1946 ተከፈተ።

ከዚያው ዘመን ጋር የተያያዘ፣ እኛን በተለይ የሚመለከት ነገር አለ። እንግሊዛዊው መኮንን ኦርድ ዊንጌት በ1938 እዚሁ እስራኤል፣ በጌዴዎን ምንጭ አካባቢ በሚገኘው በዐይን ሐሮድ፣ አይሁዳውያን ተዋጊዎችን የሌሊት ውጊያ ያሠለጥን ነበር። በ1941 ደግሞ ከንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ጋር ከሱዳን ተነሥቶ በጎጃም በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ የሚመራውንም ጦር «የጌዴዎን ጦር» ብሎ ሰየመው። ንጉሠ ነገሥቱ ድንበሩን ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማ የሰቀሉት ጥር 20 ቀን 1941 በኦሜድላ ነው። የኢትዮጵያ ፖሊስ የስፖርት ክለብም ኦሜድላ ተባለ። ዊንጌት በ1944 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፤ በ1957 በናታንያ አቅራቢያ የተመሠረተው የእስራኤል ታላቅ የስፖርት ተቋም በስሙ ተጠራ። እንግዲህ በዚያ የኢትዮጵያ ፖሊስ የሚሮጥበት ክለብ፣ በዚህም የእስራኤል የስፖርት አሠልጣኞች የሚማሩበት ተቋም ስማቸውን ያገኙት ከአንድ ዘመቻና ከዘመቻው መሪ ነው።

በኢትዮጵያ ልብሱ ይቀድም ነበር

አሁን ወደ እናታችን የመጀመሪያ ጥያቄ እንመለስ። የሯጭ አገር ልጅ እንዴት በሩጫ ይወድቃል?

አበበ ቢቂላን እንውሰድ። አበበ ፖሊስ ሳይሆን የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር። የተቀጠረው በዓለም ታላቅ ሯጭ ስለሆነ አልነበረም፤ ያን ጊዜ ይህን የሚያውቅ አልነበረም። መጀመሪያ ልብሱን ለበሰ፣ ደመወዝና ቀለብ አገኘ፤ ከዚያም ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ችሎታውን አይቶ አሠለጠነው። ኒስካነን ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በ1946 ሲሆን የክቡር ዘበኛን ሰዎች የሰውነት ማጎልመሻ ያስተምር ነበር። አበበ በመስከረም 10 ቀን 1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲጨርስ፣ ከኋላው የዓመታት ልምምድ ነበረው። ምሩፅ ይፍጠርም በ1980 በሞስኮ ኦሎምፒክ በ5000 እና በ10000 ሜትር ሁለት ወርቅ ሲያገኝ የአየር ኃይል ሰው ነበር። ጦሩ፣ ክቡር ዘበኛው፣ አየር ኃይሉ፣ ፖሊሱ እያንዳንዳቸው ክለብ ነበራቸው፤ ክለቡ ለሯጩ ምግብ፣ ጊዜ፣ ጫማና አሠልጣኝ ይሰጠዋል።

እንግዲህ በኢትዮጵያ ልብሱ ቀድሞ ሩጫው ተከተለ። እዚህ ግን ሩጫው ይቀድማል፤ ልብሱ የሚገኘው ካለፉ በኋላ ነው። ልጆቻችን ምግቡንም፣ ጊዜውንም፣ አሠልጣኙንም በሩ ሳይከፈትላቸው በፊት ራሳቸው ፈልገው ማግኘት አለባቸው። የዚያች እናት ልጅ በቀን ዘጠኝ ሰዓት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሣ ውሎ፣ ማታ በአውቶቡስ ተመልሶ፣ በፈተናው ቀን ያለ ምንም ልምምድ ሄዶ ነው የሮጠው። ብርቱ ልጅ ነው፤ ነገር ግን ብርታትና የሩጫ ሰዓት አንድ አይደሉም።

በዚህ ላይ «ኢትዮጵያዊ ሲፈጠር ሯጭ ነው» የሚለው ወሬ ይጎዳናል። ሌሎች ሲሉት ውዳሴ ይመስላል፤ እኛም ደስ ብሎን እንቀበለዋለን። በእስራኤል ስም የሮጠው ማሩ ተፈሪ በ2022 በሙኒክ የአውሮፓ ሻምፒዮና፣ በ2023 ደግሞ በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና በማራቶን የብር ሜዳሊያ አገኘ። በቡዳፔስት የገባበት ሰዓት 2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ12 ሴኮንድ ነው። ያንን ያመጣለት ትውልዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም ሜዳሊያ በኖረን ነበር። ያመጣለት ለዓመታት የለፋው ልፋት ነው። ልጁ «በደሜ አለ» ብሎ ሳይለማመድ ሄዶ ሲወድቅ፣ መውደቁ ብቻ ሳይሆን ሐፍረቱ ይገድለዋል፤ ራሱን እንደ ጎደሎ ይቆጥራል። ይህ ሐፍረት ያለ ቦታው የመጣ ነው።

ሰዓቱ ከየት መጣ?

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ሰው እንዴት በሩጫ ይመዘናል? የሚለው ነው።

በ1968 ኬኔት ኩፐር የተባለ የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም ቀላል ዘዴ አስተዋወቀ። ሰው በ12 ደቂቃ ውስጥ ምን ያህል ርቀት እንደሚሮጥ ከተለካ፣ ልቡና ሳንባው ምን ያህል ኦክስጅን መጠቀም እንደሚችሉ መገመት ይቻላል አለ። ዘዴው የተወደደው ርካሽ ስለሆነ ነው፤ ሜዳ፣ ሰዓትና ፉጨት ይበቃል። ብዙ የጦርና የፖሊስ ድርጅቶች ከዚህ ዓይነት መለኪያ ተነሥተው የየራሳቸውን ፈተና አወጡ። በእስራኤልም ዖዴድ ባር ኦር የተባሉ ሐኪም በ1970ዎቹ በዊንጌት ተቋም ከባልደረቦቻቸው ጋር 30 ሴኮንድ በብስክሌት የሚሠራ ፈተና አዘጋጁ፤ ዓለም ሁሉ «የዊንጌት ፈተና» ይለዋል። ልጆቻችን ከጦሩ ሲመለሱ «ባር ኦር» እያሉ የሚያወሩት ፈተና ደግሞ የ2000 ሜትር ሩጫ፣ ፑሽ አፕና የሆድ እንቅስቃሴ የነበረበት ነው።

ሩጫው ከሜትሩ ይሻላል። ቁመትን ማንም በልምምድ አይጨምረውም፤ ሰዓትን ግን በልምምድ ማሻሻል ይቻላል። ቢሆንም ሰዓቱም ያለ በቂ ምክንያት ሲወሰን ግድግዳ ይሆናል። ስለዚህ ጉዳይ ፍርድ ቤቶች የሰጡትን ውሳኔ ማወቅ ይጠቅማል።

በካናዳ ታውኒ ሜዮሪን የምትባል ሴት የደን እሳት አጥፊ ነበረች፤ አለቆቿም በሥራዋ ደስተኞች ነበሩ። ከጊዜ በኋላ አዲስ ፈተና ወጣ፤ 2.5 ኪሎ ሜትር በ11 ደቂቃ ውስጥ መሮጥ። አራት ጊዜ ሞክራ ከሁሉ የተሻለው ሰዓቷ 11 ደቂቃ ከ49.4 ሴኮንድ ሆነ። ለ49.4 ሴኮንድ ሥራዋን አጣች። የካናዳ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ1999 ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ፈረደ። አሠሪው ያ ሰዓት እሳት በደኅና ለማጥፋት የግድ አስፈላጊ መሆኑን ማስረዳት አልቻለም ነበር።

በግሪክ ደግሞ ፖሊስ ለመሆን ወንድም ሴትም 1.70 ሜትር መሙላት ነበረባቸው። አንዲት አመልካች 1.68 ሆና ተመለሰች። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2017 ጉዳዩን ሲመረምር፣ እንዲህ ያለው ደንብ ከወንዶች ይልቅ እጅግ ብዙ ሴቶችን እንደሚያስቀር፣ ለፖሊስ ሥራ የሚያስፈልገውም ብቃት በሌላ ፈተና ሊለካ እንደሚችል አመለከተ።

ይሁን እንጂ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው አመልካቹ አይደለም። በአሜሪካ በፊላደልፊያ የባቡርና የአውቶቡስ ፖሊስ 2.4 ኪሎ ሜትር ያህል በ12 ደቂቃ መሮጥን ግዴታ አድርጎ ነበር፤ ሴቶች ከሰሱ። የይግባኙ ፍርድ ቤት በ1999 አሠሪው መለኪያው ለሥራው የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ብቃት መሆኑን እንዲያስረዳ አዘዘ፤ በ2002 ግን የቀረበውን ማስረጃ አይቶ ሩጫውን ተቀበለው። ስለዚህ ትምህርቱ «ፈተና ሁሉ በደል ነው» ማለት አይደለም። ፈተና ያወጣ ወገን «ይህ ከሥራው ጋር ምን አገናኘው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ሊኖረው ይገባል ማለት ነው።

ሥራው ብቃት ይፈልጋል፤ ይህን መካድ አይገባም። ፖሊስ ሰዓታት ቆሞ ወይም መኪና ውስጥ ተቀምጦ ይውላል፤ ከዚያ በድንገት ደረጃ መውጣት፣ መሮጥ፣ ሰው ተሸክሞ ማውጣት ይመጣበታል። በእንግሊዝና በዌልስ ከ2014 ጀምሮ ፖሊሶች ከተቀጠሩም በኋላ በየዓመቱ ይፈተናሉ። መደበኛው ፈተና 15 ሜትር ርቀትን በድምፅ ምልክት እየተመላለሱ መሮጥ ሲሆን፣ ጠቅላላው 525 ሜትር በ3 ደቂቃ ከ35 ሴኮንድ ነው። ማራቶን አይደለም፤ ያልተለማመደ ሰው ግን ሊወድቅበት ይችላል።

ሩጫ የማይለካው

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ለእናንተ ታማኝ አልሆንም። በብዙ ቤታችን «ልጄ ፖሊስ ይሁን» የሚለው ቃል በቀላሉ አይወጣም። በ2015 በሆሎን ኢትዮጵያዊ ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ በፊልም አይተናል፤ በኢየሩሳሌምና በቴል አቪቭ ሰልፍ ወጥተናል። በ2016 በፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር በኤሚ ፓልሞር የተመራው ኮሚቴ ዘረኝነትን ስለመዋጋት ሪፖርቱን አቀረበ። ከዚያም በኋላ በ2019 በጥር በባት ያም፣ በሰኔ መጨረሻ በቅርያት ሐይም ሁለት ወጣቶቻችን በፖሊስ ጥይት ሞቱ። ያን ጊዜ ያለቀሱ እናቶች በያቭነም፣ በገደራም፣ በቅርያት መላኺም አሉ።

ስለዚህ አንዳንድ አባቶች «ልጄ ያንን ልብስ አይለብስም» ሲሉ ይገባኛል። ሌሎች ደግሞ «የእኛ ልጆች ውስጡ ካልገቡ ማን ይለውጠዋል?» ይላሉ፤ እርሱም ይገባኛል። እኔ ማንንም አላስገድድም። ነገር ግን ልጁ ራሱ መርጦ ወደዚያ በር ከሄደ፣ ሊያስቀረው የሚገባው ልምምድ አለማግኘቱ መሆን የለበትም። የሩጫው ሰዓት እግርንና ሳንባን ይለካል። ትዕግሥትን፣ ፍትሕን፣ የተቆጣ ወጣት ፊት ቆሞ እጅን መሰብሰብን አይለካም። ይህን ከቤት የተማረ ልጅ በሁለት ደቂቃ ሰዓት ጉድለት ውጭ ሲቀር የሚጎዳው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ጎዳናው ላይ የሚቆመው ሌላ ሰው ይሆናል።

ለወላጆች

ከታሪኩ ወደ ቤታችን ስንመለስ የሚከተለውን እመክራለሁ።

አንደኛ፣ ልጁ ወይም ልጅቱ ሲያመለክቱ የፈተናው ዝርዝር በጽሑፍ እንዲሰጣቸው ይጠይቁ። ፖሊስ፣ ሚሽማር ሃግቩልና ልዩ ክፍሎች የሚፈልጉት ብቃት የተለያየ ነው፤ በየጊዜውም ይለወጣል። ጎረቤት የነገራችሁ የዛሬ አምስት ዓመቱን ሊሆን ይችላል። ወድቀው እንደሆነም መቼ እንደገና መሞከር እንደሚችሉ ይጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሁለተኛ፣ ልምምድ ከመጀመራቸው በፊት በኩፓት ሖሊም ሐኪም ይያቸው። ከዚያ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ቢያንስ ለሁለት ወይም ለሦስት ወር ይለማመዱ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ቀስ ብለው፣ እየተራመዱና እየሮጡ። ርቀቱ የተለካ ይሁን፤ ሰዓቱም ይጻፍ። ብዙዎች የሚወድቁት መጀመሪያው ላይ በጣም ፈጥነው ሮጠው መጨረሻው ላይ ስለሚደክማቸው ነው።

ሦስተኛ፣ በጾም ማግስት ወይም ሌሊት ሠርተው ባደሩበት ጠዋት ወደ ፈተና አይሂዱ፤ ቀኑን ቀድመው ያመቻቹ። እናቶች ሆይ፣ በዋዜማው የምታቀርቡት እንጀራና ውኃ የፈተናው ክፍል ነው።

አራተኛ፣ ሴት ልጅ «እኔም እፈልጋለሁ» ካለች «ይህ የወንድ ሥራ ነው» ብለን በሩን ከውስጥ አንዝጋባት። ከላይ ያነበባችሁትን ክስ ያቀረቡትን አስታውሱ፤ ሁሉም ሴቶች ናቸው።

አምስተኛው ለማኅበራችን ነው። በየሰፈሩ ጦሩን ጨርሰው የተመለሱ ወንድሞችና እህቶች አሉን። በሳምንት ሁለት ማታ አሥር ልጆች ሰብስበው ቢያስሮጡ የሚጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን ፈቃደኛነት ነው። በኢትዮጵያ ክለቡ ለአበበ የሰጠውን ጊዜና አሠልጣኝ፣ እኛ በትንሹ ለልጆቻችን ልንሰጥ እንችላለን።

የዚያች እናት ልጅ አሁን ማታ ማታ ይሮጣል። በመጀመሪያ ብቻውን ነበር፤ በኋላ ሁለት የሰፈር ልጆች ተጨመሩ። እናቱ የውኃ ጠርሙስ ይዘው ከመንገዱ ዳር ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ሰዓቱን ማንበብ ከልጃቸው ተምረዋል። የሚቀጥለው ፈተና ቀን ገና ነው። ባለፈው ሳምንት ሳገኛቸው «ዛሬ ከትናንት በአሥራ አንድ ሴኮንድ ቀንሷል» አሉኝ፤ ጣታቸውን እየቆጠሩ።